ከፎቶግራፉ በፊት መዝገቡ ይቅደም
የኅብረት ሥራ ማኅበራት በማኅበራዊ ሚዲያ ስለሚያካሂዱት የምርት ማስተዋወቅ የቀረበ አስተያየት

መግቢያ

እንደሚታወቀው የገበሬው ድካም የሚለካው በማሳው ላይ በሚታየው ቡቃያ ብቻ አይደለም። የተሻሻለ ዘር ተዘርቶ፣ ማዳበሪያ በወቅቱ ተጨምሮ፣ አረሙ ታርሞ፣ ተባዩ ተከላክሎ የተገኘ ምርት ገዥ አጥቶ በማሳ ላይ ከበሰበሰ ወይም ከወጪው በታች ከተሸጠ፣ ገበሬው በሚቀጥለው ዓመት የተሻሻለውን አሠራር ለመከተል ፈቃደኛ ባይሆን ሊፈረድበት አይገባም። ስለዚህ የገበያ ጉዳይ የንግድ ሠራተኞች ብቻ ሳይሆን የኤክስቴንሽን ሥራም አንዱ ክፍል ነው።

የገበያን ዜና ለአምራቹ፣ የአምራቹንም ዜና ለገበያው ለማድረስ በየጊዜው ልዩ ልዩ ዘዴዎች ተሞክረዋል። የሬዲዮ ፕሮግራም፣ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት በር ላይ የሚለጠፍ ማስታወቂያ፣ በገበያ ቀን በቃል የሚነገር መልእክት የቆዩት ናቸው። በ2000 ዓ.ም. ግብይት የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ደግሞ የዕለቱን ዋጋ በኤሌክትሮኒክ ሰሌዳና በስልክ ማሰማትን አስለመደ። በ2006 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው 8028 የተባለው የስልክ መስመርም ገበሬው ያለ ክፍያ ደውሎ የግብርና ምክር የሚሰማበትን መንገድ ከፈተ።

ዛሬ ደግሞ በየቀበሌው የእጅ ስልክ የያዘ ወጣት አለ። ቴሌግራም፣ ፌስቡክና ቲክቶክ የሚባሉት ማኅበራዊ ሚዲያዎች ለከተማ ነጋዴ ብቻ መሆናቸው ቀርቶ የሽንኩርት፣ የጤፍ፣ የማርና የቡና አምራቾች ማኅበራትም ገጽ መክፈት ይዘዋል። ይህ ደግ ነገር ነው። ይሁን እንጂ በጉዳዩ ላይ ሁለት ዓይነት የተሳሳተ አስተሳሰብ ይታያል። አንደኛው፣ «ይህ የልጆች ጨዋታ ነው፤ ገበሬን አይመለከተውም» የሚለው ነው። ሁለተኛውና ይበልጥ ጉዳት ሊያስከትል የሚችለው ደግሞ፣ «ገጹ ከተከፈተና ፎቶግራፉ ከተለጠፈ ገዥ ራሱ ይመጣል፤ ደላላም ይጠፋል» የሚለው ነው።

በዚህ ጽሑፍ የሚቀርበው አስተያየት ከሁለቱም የተለየ ነው። ማኅበራዊ ሚዲያ የማኅበሩን ድምፅ ወደ ሩቅ የሚያደርስ መሣሪያ ነው፤ ነገር ግን ማኅበሩ የሚለው ነገር ከሌለው መሣሪያው ሊፈጥርለት አይችልም። ስለሆነም ከፎቶግራፉ በፊት መዝገቡ፣ ሚዛኑና መጋዘኑ ይቅደሙ እንላለን።

1. ዜና ብቻውን ዋጋ አያሳድግም

ስለዚህ ጉዳይ ከሕንድ አገር የተገኙ ሁለት ጥናቶችን ጎን ለጎን አስቀምጦ መመልከት ብዙ ትምህርት ይሰጣል።

የመጀመሪያው ሮበርት ጄንሰን የተባለው የኢኮኖሚ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2007 ያሳተመው ነው። በኬራላ ክፍለ ግዛት የባሕር ዳርቻ ከ1997 እስከ 2001 እ.ኤ.አ. የእጅ ስልክ ደረጃ በደረጃ ሲገባ ዓሣ አጥማጆቹ ገና በባሕር ላይ ሳሉ ወደ ልዩ ልዩ ወደቦች እየደወሉ የት ገዥ እንዳለ መጠየቅ ጀመሩ። ከዚያ በፊት በአንዱ ወደብ ዓሣ በዝቶ ገዥ ጠፍቶ ሲጣል፣ በአቅራቢያው ባለ ሌላ ወደብ ገዥው ዓሣ አጥቶ ይመለስ ነበር። ከመቶ 5 እስከ 8 እጅ የሚሆነው የዕለቱ ዓሣ ይባክን ነበር። ስልኩ ከገባ በኋላ ብክነቱ ቀረ፤ የአጥማጁ ትርፍ በአማካይ ከመቶ 8 እጅ ሲያድግ፣ ሸማቹ የሚከፍለው ዋጋ ደግሞ ከመቶ 4 እጅ ቀነሰ። ሁለቱም ወገኖች ተጠቀሙ ማለት ነው።

ሁለተኛው ጥናት ማርሴል ፋፍሻምፕስና ባርት ሚንተን በማሃራሽትራ ክፍለ ግዛት በ100 መንደሮች አካሂደው እ.ኤ.አ. በ2012 ያሳተሙት ነው። ገበሬዎቹ የገበያ ዋጋና የአየር ጠባይ ዜና በአጭር የስልክ መልእክት እንዲደርሳቸው ተደረገ። ውጤቱ ሲመረመር ግን መልእክቱ የደረሳቸው ገበሬዎች ለምርታቸው ያገኙት ዋጋ መልእክቱ ካልደረሳቸው ጋር ሲነጻጸር ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየበትም።

በአንድ አገር፣ በተመሳሳይ መሣሪያ እንዲህ የተራራቀ ውጤት ለምን ተገኘ? በእኛ አስተያየት ዋናው ምክንያት ዜናውን ተቀብሎ አንድ ነገር የማድረግ ችሎታ ነው። ዓሣ አጥማጁ ዓሣው በጀልባው ላይ ነው፤ ዜናውን እንደሰማ የጀልባውን አቅጣጫ ያዞራል። አምስት ኩንታል ምርት ያለው ገበሬ ግን በሩቅ ከተማ ዋጋው እንደጨመረ ቢሰማ መኪና ሊከራይ፣ እስከሚሸጥ ሊጠብቅ፣ ከጅምላ ነጋዴ ጋር ሊዋዋል አይችልም። ጀልባ የለውም።

ለአምስት ኩንታሉ ገበሬ ጀልባው የኅብረት ሥራ ማኅበሩ ነው። የብዙውን ጥቂት ምርት አሰባስቦ፣ መዝኖ፣ በደረጃ ለይቶ፣ አከማችቶና መኪና ተከራይቶ ማንቀሳቀስ የሚችለው እርሱ ብቻ ነው። ማኅበሩ ይህን የሚሠራ ከሆነ ማኅበራዊ ሚዲያ ይጠቅመዋል፤ የማይሠራ ከሆነ ግን ገጹ የሚያምር ፎቶግራፍ የተሰቀለበት ግድግዳ ከመሆን አያልፍም።

2. ደላላው የሚሠራውን ሥራ ማወቅ

«ማኅበራዊ ሚዲያ ደላላን ያጠፋል» የሚለውን አባባል ከመቀበላችን በፊት ደላላው ምን እንደሚሠራ መርምረን ማወቅ ያስፈልጋል። ደላላው ገዥና ሻጭ ማገናኘት ብቻ አይደለም ሥራው። የየማሳውን ምርት እየዞረ ያያል፤ የትኛው መቼ እንደሚደርስ ያውቃል፤ ጫኝና አውራጅ ያዘጋጃል፤ መኪና ይጠራል፤ አንዳንድ ጊዜም ለቸገረው ገበሬ ቀድሞ ገንዘብ ይሰጣል። ለዚህ ሁሉ የሚወስደው ድርሻ ከሚገባው በላይ መሆኑ ብዙ ጊዜ እውነት ነው። ይሁንና ሥራዎቹን ማኅበሩ ካልተካቸው፣ ደላላውን በስድብና በፌስቡክ ማስወገድ አይቻልም። ደላላውም የራሱ ስልክ አለው፤ ማኅበሩ የለጠፈውን ማስታወቂያ ከሁሉ ቀድሞ የሚያነበው እርሱ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ አንድ ማኅበር ገጽ ከመክፈቱ በፊት ሥራ አመራር ኮሚቴው የሚከተሉትን ጥያቄዎች በስብሰባ ተነጋግሮ መመለስ ይኖርበታል።

ሀ/ የአባላቱ ምርት መጠንና የሚደርስበት ጊዜ በመዝገብ ተይዟልን?
ለ/ የማኅበሩ ሚዛን ትክክለኛነቱ ተረጋግጧልን?
ሐ/ ምርቱ በደረጃ ተለይቶ የሚቀመጥበት ቦታ አለን?
መ/ ገዥ ቢደውል በማንኛውም የሥራ ሰዓት እውነተኛ መልስ የሚሰጥ የተመደበ ሰው አለን?
ሠ/ ምርቱን ያስረከበ አባል ገንዘቡን በስንት ቀን ውስጥ እንደሚያገኝ ተወስኗልን?

ከእነዚህ አንዱ እንኳ ያልተመለሰ ከሆነ ጊዜን በገጹ ላይ ከማጥፋት የጎደለውን ማሟላት ይሻላል።

3. ማስታወቂያ ቃል ነው

አንድ ማኅበር «ጥራቱን የጠበቀ ምርት በብዛት አለን፤ ይደውሉልን» ብሎ ቢለጥፍ ለገዥው ምንም አልነገረውም። ጥራት ማለት ምን ማለት ነው? ብዛቱ 20 ኩንታል ነው ወይስ 200? የሚገኘው ዛሬ ነው ወይስ ባለፈው ወር የነበረ ነው? የሆቴል ዕቃ ግዥ ሠራተኛ፣ የእንጀራ ጋጋሪ ድርጅት ወይም የጅምላ ነጋዴ እንዲህ ያለውን ማስታወቂያ አይቶ ያልፈዋል፤ ጊዜ የለውምና።

ጠቃሚ ማስታወቂያ ቢያንስ ሰባት ነገሮችን ይይዛል። እነርሱም የማኅበሩ ሙሉ ስምና ቦታ፣ የምርቱ ዓይነትና ዝርያ፣ የምርቱ ሁኔታና ደረጃ፣ መጠኑ፣ ርክክቡ የሚፈጸምበት ቦታ፣ ማስታወቂያው የወጣበትና የሚያበቃበት ቀን፣ እንዲሁም ተጠሪው ናቸው። ለምሳሌ ያህል የሚከተለውን መመልከት ይቻላል።

«ምርት፦ ቀይ ሽንኩርት፣ ዝርያው ቦምቤይ ቀይ። መጠን፦ 100 ኩንታል። ሁኔታ፦ ከተነቀለ በኋላ አንገቱ እስኪደርቅ በጥላ ሥር የቆየ፤ የበቀለ፣ የተሰነጠቀና የበሰበሰ የተለየለት፤ መካከለኛና ትልቅ መጠን ለየብቻ የተቀመጠ። ርክክብ፦ በማኅበሩ መጋዘን በር፣ መንገዱ ለአይሱዙ መኪና የሚያስገባ። ማስታወቂያው የሚያገለግለው ከዛሬ ጀምሮ ለ5 ቀን ነው። ናሙና ማየት ይቻላል።»

ከዚህ በላይ የማኅበሩ ስምና አድራሻ፣ ከዚህ በታች የወጣበት ቀንና የማኅበሩ ስልክ ይጻፋል። ለጤፍ ሲሆን ማኛ፣ ነጭ፣ ሰርገኛ ወይም ቀይ መሆኑ፣ ዝርያው ከታወቀም እንደ ቁንጮ ያለው ስሙ፣ ከአፈርና ከጠጠር የጠራ መሆኑ ይገለጻል። ለበቆሎ የእርጥበቱ መጠን ዋና ነገር ነው፤ በመጋዘን ለሚቆይ በቆሎ እርጥበቱ ከመቶ 13 እጅ እንዳይበልጥ ይመከራል። ለማርም እንዲሁ የውኃው መጠን መለካት አለበት። በዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ መሠረት በጠቅላላው የማር ውኃ ከመቶ 20 እጅ መብለጥ አይገባውም። መለኪያ የሌለው ማኅበር በግምት ቁጥር አይጻፍ፤ ዩኒየኑን ወይም የወረዳውን ባለሙያ ይጠይቅ።

ፎቶግራፉም እውነተኛ መሆን አለበት። ከጆንያው አፍ ላይ ጥሩውን ብቻ ደርድሮ ማንሳት፣ ያለፈውን ዓመት ምርት ፎቶግራፍ መልሶ መለጠፍ ወይም ከሌላ ገጽ መውሰድ ማታለል ነው። ገዥው 300 ኪሎ ሜትር ተጉዞ መጥቶ ያየው ሌላ፣ ያገኘው ሌላ ሲሆን የሚጠፋው የዚያ ቀን ሽያጭ ብቻ አይደለም። ቀድሞ የአንድ ሻጭ ክፉ ስም በአንድ ገበያ ተወስኖ ይቀር ነበር። አሁን ግን ምርቱን ሩቅ ያደረሰው ያው መሣሪያ ቅሬታውንም እንዲሁ ሩቅ ያደርሰዋል። የሚጎዳውም አንድ ነጋዴ ሳይሆን ስማቸውን በአንድ ማኅተም ሥር ያኖሩ አባላት በሙሉ ናቸው።

ከዚህም ሌላ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 አንድ መልእክት በኤሌክትሮኒክ መንገድ ስለተላለፈ ብቻ ሕጋዊ ውጤት አይኖረውም እንዳይባል ደንግጓል። በስልክ የተጻፈ ቃል እንደ ወሬ ነፋስ የሚወስደው አለመሆኑን ኮሚቴዎች ሊያውቁት ይገባል።

4. ምርቱ ከመድረሱ በፊት ማሳወቅ

በማኅበራዊ ሚዲያ አጠቃቀም ላይ በብዛት የሚታየው ጉድለት ማስታወቂያው ምርቱ ከተነቀለ በኋላ መውጣቱ ነው። ቲማቲም ተለቅሞ በሣጥን ከገባ በኋላ ገዥ መፈለግ ራስን ለድርድር ማጋለጥ ነው፤ ገዥው ሻጩ መጠበቅ እንደማይችል ያውቃልና ዋጋውን ያወርዳል። በአንጻሩ ከሁለት ወይም ከሦስት ሳምንት በፊት፣ «በዚህ ሳምንት ይህን ያህል ኩንታል ይደርሳል» ተብሎ ቢገለጽ ገዥው መኪናውንና ገንዘቡን ያዘጋጃል፤ ማኅበሩም ከአንድ በላይ ገዥ ያነጋግራል።

ይህን ለማድረግ የተከላ ቀን መዝገብ ያስፈልጋል። የትኛው አባል ችግኙን መቼ እንዳዛወረ፣ የማሳው ስፋት ስንት እንደሆነ፣ ማሳው በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ ተጽፎ ከተያዘ ምርቱ የሚደርስበትን ሳምንት መገመት ለባለሙያው ከባድ አይደለም። መዝገቡ ሌላም ጥቅም አለው። ሁሉም በአንድ ሳምንት ተክሎ ሁሉም በአንድ ሳምንት ሊነቅል መሆኑ አስቀድሞ ስለሚታይ በሚቀጥለው ወቅት ተከላውን በየሁለት ሳምንቱ ከፋፍሎ ማካሄድ ይቻላል። በመስኖ አካባቢዎች ከብዙ የዋጋ ማስታወቂያ ይልቅ ይህ አንድ እርምጃ የበለጠ ሊረዳ ይችላል።

5. የዋጋ ስሌት ሳይሠራ አይሸጥ

ከሩቅ ከተማ በስልክ የተጠራ ከፍተኛ ዋጋ ያጓጓል። ነገር ግን ዋጋው ምርቱ የት ሲደርስ የሚከፈል እንደሆነ ሳይጠየቅ መስማማት አይገባም። የሚከተለው ስሌት ለማሳያ ብቻ የቀረበ ስለሆነ እያንዳንዱ ማኅበር በቦታው ባለው ዋጋ ይተካው።

100 ኩንታል ማለትም 10,000 ኪሎ ሽንኩርት አለ እንበል። አንድ ገዥ በመጋዘን በር በኪሎ 36 ብር፣ ሌላ ገዥ ደግሞ ከተማ ድረስ ለቀረበለት በኪሎ 45 ብር እከፍላለሁ አሉ።

በመጋዘን በር፦ 10,000 ኪሎ በ36 ብር፣ 360,000 ብር።

ከተማ ድረስ፦ በመንገድ በመድረቅና በመበላሸት ከመቶ 4 እጅ ቢጎድል 9,600 ኪሎ ይቀራል። ይህም በ45 ብር 432,000 ብር ይሆናል። ከዚህ ላይ የመኪና ኪራይ 45,000፣ የጫኝና አውራጅ 6,000፣ የጆንያ 5,000፣ ምርቱን አጅቦ ለሚሄድ ሰው 3,000፣ በድምሩ 59,000 ብር ይቀነሳል። ለማኅበሩ የሚቀረው 373,000 ብር ነው።

የዘጠኝ ብር የሚመስለው ብልጫ በእውነቱ በኪሎ 1 ብር ከ30 ሳንቲም ብቻ ሆኖ ተገኘ። ጉድለቱ ከመቶ 8 እጅ ቢሆንማ የሚቀረው 355,000 ብር ስለሆነ ማኅበሩ በር ላይ ቢሸጥ ከሚያገኘው 5,000 ብር ያጣል። ስለዚህ ሥራ አስኪያጁ ለገዥ መልስ ከመስጠቱ በፊት ይህን ስሌት በወረቀት ሠርቶ ለኮሚቴው ያሳይ። ብዙውን ጊዜ ለአንድ ማኅበር የሚበጀው ገዥ የሩቁ ሳይሆን በአቅራቢያው ያለው የከተማ ሆቴል፣ የትምህርት ቤት ወጥ ቤት ወይም የማኅበሩ ዩኒየን ሆኖ ይገኛል። ማኅበራዊ ሚዲያም በመጀመሪያ ለእነዚህ ገዥዎች ቢውል መልካም ነው።

በውጭ አገር ከሚኖሩ ወገኖች የሚመጣውን ምስጋናና አድናቆትም በልኩ መቀበል ያስፈልጋል። የማሩን ንጣት ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ የሚያደንቅ ሰው ወዳጅ እንጂ ገና ገዥ አይደለም። ወደ ውጭ መላክ የራሱ ፈቃድ፣ የጥራት ምርመራና የባንክ ሥርዓት ስላለው የሚመለከተው በአብዛኛው ዩኒየኖችን ነው። ገጹን ያዩ ሰዎች ቁጥር ሺህ ቢሞላ አንድ ኩንታል እስካልተጫነ ድረስ ነገሩ ላም አለኝ በሰማይ መሆኑን አንዘንጋ። የገጹ ጥቅም ሊለካ የሚገባው በተመልካች ብዛት ሳይሆን በገጹ በኩል መጥቶ በተሸጠው ኩንታል፣ በተገኘው ዋጋና ተመልሶ በመጣው ገዥ ነው። ለዚህም በሽያጭ መዝገቡ ላይ «ገዥው በምን ሰማ?» የሚል አንድ ዓምድ መጨመር ይበቃል።

6. ገጹ የማን ነው?

የማኅበሩ ማኅተም በአንድ ሰው ኪስ ውስጥ እንዲዞር የሚፈቅድ ማኅበር የለም። ገጹና ቻናሉ ግን በአንድ ወጣት ስልክ ላይ ተከፍተው በእርሱ ስም ሲቀሩ ማንም አይጠይቅም። ያ ወጣት ሥራ ሲለቅ፣ ከኮሚቴው ሲጣላ ወይም ስልኩ ሲጠፋ ማኅበሩ ለዓመታት ያፈራቸውን ገዥዎች አብሮ ያጣል። ከዚያም የከፋው፣ ገዥዎቹ በማኅበሩ ስም ለግለሰቡ ንግድ ሊዞሩ መቻላቸው ነው።

ስለሆነም የሚከተለው ደንብ በቃለ ጉባኤ ተይዞ ሊሠራበት ይገባል እንላለን።

ሀ/ ገጹ የሚከፈተው በማኅበሩ ስምና ማኅበሩ በገዛው የስልክ ቁጥር ነው።
ለ/ በቴሌግራም ቻናል ላይ ባለቤቱ የማኅበሩ ቁጥር ይሆናል፤ የሚጽፉት ሰዎች በአስተዳዳሪነት ይመደባሉ። ሲለቁ ሥልጣናቸው በዚያው ቀን ይነሣል።
ሐ/ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ የሚባለው የይለፍ ቃል ይከፈታል፤ ቃሉም በወረቀት ተጽፎ በታሸገ ፖስታ በማኅበሩ ካዝና ይቀመጣል።
መ/ ማስታወቂያ የሚወጣው የመጋዘን ኃላፊው መጠኑን፣ ሥራ አስኪያጁ ዋጋውንና ሁኔታውን በፊርማ ካረጋገጡ በኋላ ነው።
ሠ/ ምርቱ ሲሸጥ ማስታወቂያው በዚያው ቀን «ተሽጧል» ተብሎ ይታረማል።
ረ/ ቁጥጥር ኮሚቴው በየወሩ የገጹን ማስታወቂያዎች ከመጋዘን ካርዱና ከሽያጭ ደረሰኙ ጋር ያመሳክራል።

በቴሌግራም ቻናልና ግሩፕ መካከል ያለውን ልዩነትም ማወቅ ይጠቅማል። በቻናል የሚጽፉት አስተዳዳሪዎች ብቻ ስለሆኑ ለማስታወቂያ የተመቸ ነው። ግሩፕ ሁሉም የሚጽፍበት ስለሆነ ለአባላት የእርስ በርስ ምክክር ይሻላል። ሁለቱን መቀላቀል ማስታወቂያውን በወሬ ውስጥ ያሰጥመዋል።

የአባላትን ፎቶግራፍ፣ ስምና የስልክ ቁጥር ያለፈቃዳቸው መለጠፍም አይገባም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰዎችን የግል መረጃ የሚጠብቅ ነው። አዋጁ ባይኖርም እንኳ አንዲት እናት በማሳዋ ላይ ስትሠራ የተነሣችው ፎቶግራፍ የት እንደሚታይ ሳይነገራት መለጠፉ ከባህላችን ጋር አይስማማም።

7. አባሉ ከገዥው በፊት ይስማ

ይህ ከሁሉ የበለጠ ሊታሰብበት የሚገባ ነጥብ ነው። አብዛኛው አባል፣ በተለይም ሴቶችና በዕድሜ የገፉት፣ ኢንተርኔት ያለው ስልክ የላቸውም። የማኅበሩ ዋጋ በስልክ ብቻ የሚነገር ከሆነ ስልክ ያለው አባል ስልክ ከሌለው ጎረቤቱ በርካሽ ገዝቶ ለማኅበሩ በውድ ሊያስረክብ ይችላል። እንዲህ ከሆነ ማኅበሩ አዲስ ደላላ ከውስጡ ወለደ ማለት ነው።

ስለዚህ በገጹ ላይ የሚወጣ እያንዳንዱ ማስታወቂያና የሽያጭ ውጤት በዚያው ቀን በማኅበሩ ሰሌዳ ላይ በጉልህ ይጻፍ፤ በስብሰባና በገበያ ቀንም ይነገር። ማንበብ ለማይችሉት በቃል ይገለጽ። ምርቱ በስንት እንደተሸጠ፣ ለምን ያህል ወጪ እንደተቀነሰና ለአባሉ በኪሎ ስንት እንደደረሰው ሦስቱም ቁጥሮች አብረው ይጻፉ። እምነት ከዚህ የሚበልጥ ማስታወቂያ የለውም።

«ዋጋ በይፋ ብንጽፍ ነጋዴዎች ተስማምተው ያወርዱብናል» የሚሉ ወገኖች አሉ። ሥጋታቸው ከንቱ አይደለም። ለዚህ የሚሻለው መንገድ መጠኑንና ደረጃውን በይፋ አውጥቶ፣ ገዥዎች እስከ ተወሰነ ቀን የዋጋ ሐሳብ እንዲያቀርቡ መጠየቅና ሐሳቡን ቁጥጥር ኮሚቴው ባለበት መክፈት ነው። ማኅበሩ ከምን በታች እንደማይሸጥ አስቀድሞ በቃለ ጉባኤ ይወስናል፤ ይህን ግን ለውጭ ሰው አይገልጽም። የተሸጠበት ዋጋ ግን ከሽያጩ በኋላ ለአባላት ሊደበቅ አይገባም።

8. ስለ ገንዘብ አከፋፈል

በስልክ ገንዘብ ማስተላለፍ ርክክብን አቃልሏል። ነገር ግን የተላከ የሚመስል የሐሰት መልእክት ወይም የደረሰኝ ምስል አሳይቶ ምርት ጭኖ መሄድ የታወቀ ማጭበርበር ነው። መኪናው ከግቢ የሚወጣው ገዥው ባሳየው ስልክ ሳይሆን ሒሳብ ሹሙ ገንዘቡ በማኅበሩ ሒሳብ መግባቱን ራሱ አይቶ ሲያረጋግጥ ብቻ ይሁን። ክፍያውም ወደ ማኅበሩ ሒሳብ እንጂ ወደ ማንኛውም ግለሰብ ቁጥር አይላክ፤ ይህም በገጹ አናት ላይ ዘወትር ተጽፎ ይቀመጥ። ለእያንዳንዱ ክፍያ የማኅበሩ ደረሰኝ ይቆረጥ።

9. የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ድርሻ

የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ለማኅበሩ ነጋዴ ሊሆን አይገባም። በራሱ ስልክና ስም የገበሬውን ምርት ማስተዋወቅ በቅንነት ቢጀመርም ሠራተኛው ወደ ሌላ ጣቢያ ሲዛወር ሥራው አብሮት ይሄዳል። ከዚህም ሌላ አንዱን አባል ሲያስተዋውቅ ሌላው ቅር ይለዋል፤ ገዥና ሻጭ ሲጣሉም በመካከል የሚቆመው እርሱ ይሆናል። ምክሩ ተሰሚነት የሚኖረው ከሽያጩ ጥቅም የራቀ እስከሆነ ድረስ ነው።

የእርሱ ተገቢ ድርሻ በማሳና በመጋዘን መካከል ነው። የተከላ መዝገብ አያያዝን ያስተምር፤ ምርት የሚደርስበትን ጊዜ በመገመት ይርዳ፤ ከነቀላና ከአጨዳ በኋላ ስለሚደረግ ጥንቃቄና ደረጃ አወጣጥ ያሳይ፤ በማስታወቂያ ላይ የተጻፈው ሁኔታ ከምርቱ ጋር መስማማቱን ናሙና አይቶ ይመስክር። ከገዥዎች የሚመጣውን አስተያየትም ወደ ማሳ ይመልስ። ገዥዎች ደጋግመው «ሽንኩርቱ ቶሎ በሰበሰ» ካሉ ጉዳዩ የማስታወቂያ ሳይሆን ምናልባት ከነቀላ በፊት ውኃ ያለማቋረጥ ወይም በሚገባ ያለማድረቅ ሊሆን ይችላል። ማኅበራዊ ሚዲያ ለኤክስቴንሽን ሥራ ከሚሰጠው ጥቅም ትልቁ ይህ የገዥው ድምፅ ለአምራቹ መሰማቱ ነው።

ማጠቃለያ

ማኅበራዊ ሚዲያን መናቅም ሆነ እንደ ተአምር መቁጠር አይገባም። የተሰባሰበ፣ የተመዘነና የተለየ ምርት ላለው ማኅበር ገዥን ያበዛለታል፤ መዝገብ ለሌለው ማኅበር ግን ጉድለቱን ለብዙ ሰው ያሳይበታል። ስለዚህ አዲስ ገጽ ለመክፈት ያሰበ ማኅበር በአንድ ምርትና በአንድ ወቅት ጀምሮ፣ ውጤቱን በኩንታልና በብር ለክቶ፣ ለጠቅላላ ጉባኤው ሪፖርት አቅርቦ ቢቀጥል ይበጀዋል። ገጽ ያለው ማኅበርም በዚህ ሳምንት ሦስት ነገሮችን ይመርምር፦ ገጹ በማን ስም እንደተከፈተ፣ በላዩ ያሉት ማስታወቂያዎች ቀናቸው ያለፈ መሆን አለመሆኑን፣ የተጻፈው መጠን ከመጋዘን ካርዱ ጋር መስማማቱን። ሦስቱ ከተስተካከሉ በኋላ ፎቶግራፍ ማንሳቱ ቀላል ሥራ ነው።